እንጃ በእንግሊዝኛ

ሥራ ላይ ሆኜ "እኔ" ስል እኔ አይደለሁም። ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም ሰው ሕጉ እንዲህ ነው፤ በሽተኛው "አመመኝ" ካለ አንተም "አመመኝ" ትላለህ እንጂ "አመመው" አትልም። በዚህ ምክንያት እኔ በዚህች ከተማ ስንት ጊዜ አርግዣለሁ፣ ስንት ጊዜ ፕሮስቴቴን አሞኛል፣ አንዴማ ለሚስቴ እንዳትነግሩብኝ ብዬ ሐኪም ለምኛለሁ። ከራሴ የምናገረው ነገር ካለኝ "አስተርጓሚዋ እንዲህ ትላለች" ብዬ ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው አወራለሁ። መምከር ክልክል ነው። ማባበል ክልክል ነው። ፊትን ማጥቆር እንኳ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ፤ እናቴ "አንቺን ሳይሆን ምላስሽን ነው መጀመሪያ የወለድኩት" ትለኝ ነበር። ሻኮፒ ካለው የዕቃ መጋዘን ሺፍት ይሻላል ብዬ ነው የገባሁበት። እውነትም ወገቤ አርፏል፤ ምላሴ ግን አበሳውን ያያል።

የዚያን ቀን ጠዋት ከምኖርበት ከኒው ሆፕ ሴንት ፖል እስካለው ሆስፒታል በዚያ ሁሉ በረዶ ድራይቭ አድርጌ የሄድኩት ለአንድ ቃል ነው። ነርሷ በሩ ላይ ጠብቃ ነገሩን አስረዳችኝ። በሽተኛው አዛውንት ናቸው። ስኳር እግራቸውን ጨርሶታል። ዛሬውኑ ከጉልበታቸው በታች ካልተቆረጠ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ይገድላቸዋል። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የእሳቸው ፈቃድ ነው። ራሳቸውን እስካወቁ ድረስ ልጃቸው እንኳ ልትፈቅድላቸው አትችልም። ራሳቸውን እስኪስቱ እንጠብቅ ቢባል ደግሞ ያን ጊዜ ልባቸው ቀዶ ጥገናውን አይችለውም።

"እንቢ አሉ?" አልኳት።

"እንቢም አላሉ፣ እሺም አላሉ። እንግሊዝኛ እኮ ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ። 'የምታመመው በአማርኛ ነው፣ አስተርጓሚ አምጡልኝ' ብለው ዝም አሉ።"

ገባሁ። የቁስሉ ሽታ ቀድሞ ተቀበለኝ። ሰውየው ትራሱን ተደግፈው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ በመስኮቱ በረዶውን ያያሉ። ከስተዋል፣ ጺማቸው ነጭ ሆኗል። "እንደምን አደርሽ" ሲሉኝ ግን ድምፁን አወቅሁት።

መምህሬ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ በዚያ ሰው በታጨቀበት አዳራሽ ፍልስፍና ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ምን ብትጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "እንጃ።" እግዜር አለ? እንጃ። ፈተናው መቼ ነው? እንጃ። አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል፣ እሳቸው ግን ፍንክች አይሉም። በኋላ ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባን። ከጥንት ግሪኮች መካከል ስለ ምንም ነገር "ነው" ወይም "አይደለም" የማይሉ ተጠራጣሪዎች ነበሩ ብለው አስተማሩን። ማር ቢቀምሱ "ጣፈጠኝ" ይላሉ እንጂ "ማር ጣፋጭ ነው" አይሉም። ለእያንዳንዱ ክርክር እኩል የሚመዝን ተቃራኒ ክርክር አለ፤ ስለዚህ ፍርድህን አንጠልጥለህ ትተወዋለህ፤ ያን ጊዜ ልብህ ያርፋል። የእነዚህ ሰዎች አለቃ ጋሪ ሲመጣበት እንኳ ገለል አይልም ነበር ይባላል፤ ወዳጆቹ ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ነው የሚያተርፉት።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ብለው ነገሩን። ይኸው ሰውዬ የገዛ መምህሩን ረግረግ ውስጥ ወድቆ አገኘው። ተማሪው አየት አድርጎት፣ እጁን ሳይዘረጋ መንገዱን ቀጠለ። ያዩት ሁሉ ሲረግሙት፣ መምህሩ ራሱ ከነጭቃው "ጎበዝ፣ ልብህ አልተናወጠም" ብሎ አመሰገነው። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ብድግ ብዬ "ይሄማ ፍልስፍና ሳይሆን ክፋት ነው!" ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ አውካካ። እሳቸው በመነጽራቸው አናት አዩኝና "በምን አወቅሽ?" አሉኝ። ፊቴ እየነደደ ቁጭ አልኩ። ያ ንዴት ስንት አገር ሳቋርጥ አብሮኝ መጥቷል።

ሕጉ ነውና ለነርሷ ተናገርኩ፤ አስተርጓሚዋ በሽተኛውን ታውቃቸዋለች፣ መምህሯ ነበሩ። ይስማማዎታል ወይ ተብለው ተጠየቁ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ተማሪው ነበርኩ የምትለው እሷ ናት" አሉ። "እኔ አላስታውሳትም። እንግዲህ ለእኔ የማላውቃት ሴት ናት ማለት ነው። ትቀጥል።"

ይህንንም አስተረጎምኩ። "አላስታውሳትም" ብዬ በገዛ አፌ ስለ ራሴ ተናገርኩ። ወይ ሥራ!

ሐኪሟ ገባች። ረጅም ሴት ናት፣ ዓይኖቿ ድካም አለባቸው፣ ግን ቆማ አላናገረቻቸውም፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አንድ በአንድ፣ ሳታስፈራራ፣ ሳትደብቅም ነገረቻቸው። ልጃቸው በአልጋው ማዶ ቆማለች። ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"ምን ይላሉ?" አለች ሐኪሟ።

"እንጃ" አሉ።

"አይ ዶንት ኖው" አልኩ።

"አላልኩም" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"ምን?"

"አላውቅም አላልኩም። አላውቅም የሚል ሰው አለማወቁን ያውቃል። እኔ ያልኩት እንጃ ነው። እንጃ ያለ ሰው ገና ምንም አላለም። አስተካክለሽ አስተርጉሚ።"

ይህንን ለሐኪሟ አስተረጎምኩና እንደገና ሞከርኩ። "ሁ ኖውስ" ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እሱ ጥያቄ ነው።" "ሜይቢ" ስል "እሱ ወደ አዎ ያዘነብላል" አሉ። ደሜ መፍላት ጀመረ። ሰውየው እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ከሰል መስሎ እየሞቱ ነው፣ እኔን ሰዋስው ያስተምሩኛል! በመጨረሻ "አስተርጓሚዋ ለዚህ ቃል እንግሊዝኛ የላትም" አልኩ። ሐኪሟ ግንባሯን አሸት አድርጋ "ለአዎ ይቀርባል ወይስ ለአይ?" አለች።

"መካከል ላይ ቆሟል" አልኳት።

እሳቸው ቀጠሉ። "ካልተቆረጠ እሞታለሁ ነው የሚሉት። እርግጠኛ ነዎት?"

ሐኪሟ ሐቀኛ ሰው ናት። "መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብል እዋሻለሁ" አለች። "ግን እንዲህ ያለ እግር ብዙ አይቻለሁ።"

"ከተቆረጠስ? እድናለሁ?"

"ልብዎ ደካማ ነው። እሱንም ቃል ልገባልዎ አልችልም። ግን ዕድልዎ ይኸኛው ነው።"

"እንግዲህ በሁለቱም በኩል እርግጠኛ ነገር የለም" አሉና ተደላድለው ወደ ትራሳቸው ተመለሱ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ነርሷ ትኩሳታቸውን ለክታ ለሐኪሟ አሳየቻት፤ ተያዩ። ሐኪሟ "ሰዎቼን አናግሬ እመለሳለሁ፤ ግን ብዙ ጊዜ የለንም" ብላ ወጣች።

እኔም ወጣሁ። በሽተኛ ጋ ብቻችንን እንዳንቀመጥ ተነግሮናል፤ ወሬ ይመጣል፣ ከወሬ ምክር ይመጣል። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ደርሳብኝ ክንዴን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ በእናትሽ፣ አንቺ ንገሪው። እኔን አይሰማኝም። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሁሉ ነገር እንጃ ሆኗል። ምሳ በላህ? እንጃ። ብርድ ነው? እንጃ። እግሩን ያየሁት ከሸተተ በኋላ ነው፣ ታምኛለሽ? አባዬ አያምህም እንዴ ስለው 'የሚያም ይመስለኛል' አለኝ። ይመስለኛል! አንቺ ተማሪው ነበርሽ፣ ቋንቋውን ታውቂያለሽ። አንድ ቃል ብቻ በይው፤ ተቆረጥ በይው።"

"አልችልም፣ እህት። ክልክል ነው።"

"ማን ነው የሚከለክልሽ? እሱ እየሞተ?"

"ሥራዬ ነው የሚከለክለኝ።"

ክንዴን ለቀቀችው። "አንቺ ሰው አይደለሽም?" አለችኝ፣ በንዴት እንኳ አይደለም፣ እንደ ጥያቄ።

ያኔ የነገሩን ረግረግ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። መምህሬ ጭቃው ውስጥ ናቸው፣ እኔ የሥራ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በጎናቸው አልፋለሁ። ያ ግሪካዊ ቢያንስ ልቡ አርፎ ነው ያለፈው። የእኔ ልብ ከደረቴ ሊወጣ ይደልቃል።

ሐኪሟ ተመለሰች፣ ተከትለን ገባን። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ፊታቸው ተለዋውጧል፤ አመድ መስሏል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሐኪሟ እጃቸውን ይዛ ቀስ ብላ እንደገና ነገረቻቸው፣ እኔም ቀስ ብዬ አስተረጎምኩ። ልጅቷ ከአልጋው ግርጌ ተደፍታ ታለቅሳለች። አዩዋት። ብዙ አዩዋትና፣ ወደ ሐኪሟ ሳይዞሩ፣ በደከመ ድምፅ "እሺ" አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ሐኪሟ የእኛን ሰዎች ስታክም ኖራለች፤ እሺን ታውቃታለች። "እሺ!" አለች በደስታ፣ በአማርኛ፣ እና ከወንበሯ ብድግ አለች። ነርሷ ወደ በሩ ሄደች። ልጅቷ ቀና አለች። እኔ የሚጠበቅብኝ "ኦኬይ" ማለት ብቻ ነው።

እሺ ግን እሺ ነው እንዴ? እኛ እሺ የምንለው ስለተስማማን ነው? ለሐኪም እሺ፣ ለፖሊስ እሺ፣ ለቤት አከራይ እሺ እንላለን። እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው። ተወኝ ማለትም ነው። አታልቅሺብኝ ማለትም ነው። መድኃኒቱን "እሺ፣ እውጣለሁ" ብለው ወስደው በር ላይ ሳይደርሱ ቆሻሻ ውስጥ የጣሉ ስንት ሰው አይቻለሁ። መምህሬ ያን እሺ ያሉት ለልጃቸው እንባ ነው፤ ስለ እግራቸው ገና ምንም አላሉም። ዝም ብል ይተርፋሉ። እንዲተርፉ ደግሞ ከማንም በላይ እፈልጋለሁ! የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ዝም ብል፣ ነገ ሲነቁ ባላሉት ቃል የተቆረጠ እግር ያገኛሉ፣ ቃሉን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

"አስተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች" አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ የሌላ ሰው መሰለኝ። "በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል አንዳንዴ ፈቃድ ላይሆን ይችላል። እባክዎ ደግመው ይጠይቋቸው።"

ሐኪሟ ቆማ ቀረች። ልጅቷ ጮኸች። "ምን አደረግንሽ? ምን አደረግንሽ አንቺ ሴትዮ? ገደልሽው እኮ!"

ክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ መተርጎም አለበት። "ዩ ኪልድ ሂም" አልኩ፣ ለራሴ፣ በራሴ አፍ።

ሐኪሟ ተመልሳ ተቀመጠች። "እሺ ሲሉ፣ እግርዎ እንዲቆረጥ ፈቀዱ ማለት ነው?"

እሳቸው እኔን ነበር የሚያዩት። "ጥሩ አስተርጓሚ ናት" አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ፣ ምን ቸገረኝ።

"ታዲያ መልስዎ ምንድን ነው?"

"እንጃ።"

እዚህ ላይ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ባጁም፣ ሕጉም፣ ሥራውም ጠፋኝ። "እንጃልዎ!" ብዬ ጮህኩባቸው። "እንጃልዎ መምህር! እንጃልዎ!"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ "ምን አልሻቸው?" አለች።

የተባለ ሁሉ መተርጎም አለበት፣ አስተርጓሚዋ ያለችውም ቢሆን። አፌን ከፈትኩ። "አይ ዶንት ኖው" አልኩ፣ "ፎር ዩ።" ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ? ቃሉ ያው የእሳቸው እንጃ ነው፤ "ልዎ" ነው የተጨመረበት። ያቺን "ልዎ" የሚሸከም እንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁ። እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት በሰው አፍ ሳወራ ኖሬ የራሴን አንዲት ቃል መተርጎም አቃተኝ።

ያን ጊዜ መምህሬ ወደ ሐኪሟ ዞሩ። ከጠዋት ጀምሮ ቆልፈውት በዋሉት በዚያ በጠራ የድሮ አስተማሪ እንግሊዝኛቸው፣ ተረጋግተው፣ "ፈራሁልዎ ነው የምትለው" ብለው አስተረጎሙልኝ።

ከዚያ ወደ አማርኛቸው ተመለሱ። "ረግረጉን ስነግራችሁ 'ክፋት ነው' ብላ የጮኸችው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ" አልኩ። የዚያን ቀን የመጀመሪያው የራሴ "እኔ" እሱ ነበር።

"ስለ ውሻው ነግሬአችሁ ነበር?"

"የለም፣ መምህር።"

"ሁልጊዜ እዚያ ሳልደርስ ሰዓት ያልቅብኝ ነበር።" ምራቃቸውን በጭንቅ ዋጡ። "ያው ሰውዬ ነው፣ ጋሪ የማይሸሸው። አንድ ቀን ውሻ ዘሎ መጣበት፤ ሮጦ ዛፍ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ ፍልስፍናህ የታለ አሉት። ሰው መሆንን እንደ ካፖርት አውልቆ መጣል ከባድ ነው አላቸው።" ልጅቷ መጥታ እጃቸውን ያዘች። እሳቸው የእሷን ሳይሆን የእኔን ፊት እያዩ፣ "ውሻው መጣብኝ፣ ልጄ" አሉ። "ፈርቻለሁ። መሞት ፈርቻለሁ። ይቆረጥ። እሺ አይደለም ያልኩት፤ ይቆረጥ ነው ያልኩት። አስተርጉሚ።"

"አይ አም አፍሬይድ" አልኩ። "አይ አም አፍሬይድ ቱ ዳይ። ከት ኢት።" ያን ስል ማን እየተናገረ እንደነበር፣ የማን "እኔ" እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እየገፉ ወሰዷቸው። የእኔ ሰዓት አልቋል፣ መሄድ እችል ነበር። ጃኬቴን አውልቄ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። መስኮቱ ላይ በረዶው ይወርዳል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እንቀመጣለን። ኋላ ላይ ሐኪሟ የቀዶ ጥገና ኮፍያዋን ሳታወልቅ መጣች። ለልጅቷ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እኔም እንደ ሕፃን ተነፋረቅሁ። በነጋታው አለቃዬ ጠርታ በሽተኛ ላይ በመጮሄ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። እሺ አልኳት።

ቁስሉ ሲደርቅ መምህሬ መራመድ ወደሚለማመዱበት ቤት ተዛወሩ፣ እዚያም አስተርጓሚ አስጠሩ። ስገባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አልጋው ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል፤ በአንደኛው በኩል ብርድ ልብሱ ከጉልበት በታች ጠፍጣፋ ነው።

"ጉድ ልንገርሽ" አሉኝ። "የሌለው እግሬ ያሳክከኛል። ስሜት ያታልላል እያልኩ ስንት ዘመን ሳስተምር ኖሬ፣ ማስረጃው እኔው ላይ በቀለ።" ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ተቋረጠና ጥርሳቸውን ነከሱ፣ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ቀልድ አልነበረም። "እከኪልኝ እስቲ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እያፈሩ። "እዚያ ጋ።"

በባዶው በኩል ተቀምጬ ብርድ ልብሱን በጥፍሬ ማከክ ጀመርኩ።

"ዝቅ በይ። አውራ ጣቱ ጋ። እ… እዚያው።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ነርስ ገብቶ ባዶ አልጋ ሳክክ አየኝና "ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ተሻለኝ" አሉ።

ይመስለኛል አላሉም። እኔም እንዳሉት አስተረጎምኩት።